መምህሩ ያልገባበት ክፍለ ጊዜና የወላጁ ቁጥጥር

በሥራ ቀን ከጧቱ 4 ሰዓት ገደማ በከተማችን አውራ ጎዳና የሚያልፍ ሰው፣ የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ቦርሳቸውን በጀርባቸው እንዳነገቱ ወደየቤታቸው የሚመለሱ ሕፃናትን ማየቱ አይቀርም። ትምህርት ቤቱ አልተዘጋም፤ ዕለቱም በዓል አይደለም። ለምን እንደተመለሱ ሲጠየቁ መልሳቸው አጭር ነው፦ «ቲቸር አልመጣም።» እናት ከገበያ ወይም ከመሥሪያ ቤት ተመልሳ ይህን ስትሰማ ለጊዜው ታዝናለች፤ ከዚያም ምሳውን አቅርባ ነገሩን ትተወዋለች። አባት በሩቅ ግዳጅ ላይ የሚገኝ ወታደር ከሆነ ደግሞ ጉዳዩን የሚያውቀው በዓመቱ መጨረሻ የልጁ ካርድ ሲወጣ ነው። ያን ጊዜም ቁጣው የሚወርደው በልጁ ላይ ነው።

መምህርም ሰው ነው። ይታመማል፣ ዘመድ ይቀብራል፣ ሚስቱ ትወልዳለች። አንድ ወይም ሁለት ቀን ቢቀር ሊወቀስ አይገባም። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ግን በተደጋጋሚ የሚቀረው፣ መቅረቱም እንደ ልማድ የተቆጠረለት መምህር ነው። ስለዚህ ዓይነቱ መምህር በየሻይ ቤቱና በየሰፈሩ ሁለት ፍርዶች ሲሰጡ እንሰማለን። አንደኛው «ሰነፍ ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «በዚህ ደመወዝ ምን ያድርግ» ይላል። ሁለቱን ፍርዶች አንድ ነገር ያመሳስላቸዋል፤ ይኸውም መምህሩ በወር ውስጥ ስንት ቀን፣ በምንስ ምክንያት እንደቀረ ማንም ሳይቆጥር የተሰጡ መሆናቸው ነው።

ቆጥረው ያዩ አሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 አጥኚዎች በባንግላዴሽ፣ በኢኳዶር፣ በሕንድ፣ በኢንዶኔዥያ፣ በፔሩና በኡጋንዳ ቀኑን ሳያስታውቁ ወደ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እየሄዱ፣ በሥራ ላይ መሆን የሚገባቸውን መምህራን አንድ በአንድ ፈለጉ። ውጤቱ በ2006 ሲታተም ከ100 መምህራን በአማካይ 19ኙ በትምህርት ቤታቸው አልተገኙም ነበር። በፔሩ የቀሩት 11፣ በሕንድ 25፣ በኡጋንዳ 27 ነበሩ። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስገርመው ግን ሌላ ነው። አብዝተው የሚቀሩት ተራ መምህራን ሳይሆኑ ርእሳነ መምህራን ሆነው ተገኙ። ይህን ወታደር የሆነ አንባቢያችን ያለ ብዙ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ አዛዡ በጧት ስም ጥሪ የማይገኝበት ሻምበል ከአንድ ወር በኋላ ምን እንደሚመስል ያውቃልና።

ከዚያ ወዲህ በኬንያ፣ በሞዛምቢክ፣ በናይጄሪያ፣ በሴኔጋል፣ በታንዛንያ፣ በቶጎና በኡጋንዳ የተካሄዱ ጥናቶች ተጠቃለው በ2017 ለንባብ በቁ። እነዚህም የችግሩን ሌላ ፊት አሳዩ። ከ100 መምህራን 23ቱ ከትምህርት ቤት ቀርተው ነበር፤ ከክፍል ውስጥ ያልተገኙት ግን 44 ነበሩ። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ሊጤን ይገባዋል። ለልጁ «ቀሪ» ከሆኑት መምህራን ግማሽ የሚያህሉት በግቢው ውስጥ ነበሩ ማለት ነውና። በእነዚህ አገሮች አንድ ተማሪ በቀን 5 ሰዓት ተኩል ያህል እንዲማር ታቅዶለት፣ በተግባር የሚያገኘው ከ3 ሰዓት ያነሰ ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «መምህሩ ገብተዋል» ብሎ ቢምል አልዋሸም። የፊርማው መዝገብም አልዋሸም። መምህሩ ፈርመዋል፤ ከዚያ በኋላ ግን በስብሰባ፣ በፈተና እርማት፣ ከበላይ የመጣ ቅጽ በመሙላት ወይም በሻይ ክበብ ወሬ ክፍለ ጊዜው አልፏል። ደወሉ ይደወላል፣ ሌላ መምህር ይገባል፣ ያለፈው ሰዓት የት እንደገባ የሚጠይቅ የለም። በርቀት ሲታይ ሁሉም በሥራ ላይ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ የችግሩ ሥር ብዙ ነው። በ1980ዎቹ አጋማሽ በአንደኛ ደረጃ ይማሩ የነበሩት ሕፃናት 3 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ቁጥራቸው ወደ 20 ሚሊዮን ተጠጋ። በአንድ ትውልድ ዕድሜ ይህን ያህል ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህሩ የተመደበው ከቤተሰቡ ርቆ፣ መኪና ከማይገባበት ቀበሌ ነው። ደመወዙ በባንክ ቢገባለት ባንኩ ያለው በወረዳው ከተማ ነው። ዓርብ ወርዶ ሰኞ ሊመለስ ያስባል፤ ሰኞ መኪና ያጣና ማክሰኞ ይደርሳል። ከዚህም ሌላ በገጠር ቀበሌ ውስጥ ቀለም የቀመሰ ሰው ጥቂት በመሆኑ መምህሩ ለምዝገባው፣ ለምርጫው፣ ለልማቱ ሥራ፣ ለስብሰባው ቃለ ጉባኤ ሁሉ ይፈለጋል። የሚጠራው አካል ደብዳቤ ይጽፍለታል። ክፍሉን ማን እንደሚይዝለት ግን ደብዳቤው አይናገርም።

ይህም አዲስ አይደለም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን «ሴክተር ሪቪው» የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው፣ የኑሮ ጥያቄያቸውንም አንሥተው ሥራ ሲያቆሙ ክፍሎች ባዶ ሆኑ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ደግሞ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ዘመቱ። በቅርቡም ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በትግራይ በነበረው ጦርነት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ መምህራንም ለብዙ ወራት ያለ ደመወዝ ቆይተዋል። ከዚያም በደቡብ የአገራችን ክፍል በአንዳንድ ዞኖች ደመወዝ ለወራት በመዘግየቱ መምህራን ሥራ ያቆሙበት ጊዜ ነበር። አንዱ በተቃውሞ ቀረ፣ ሌላው በትእዛዝ ሄደ፣ ሌላው የሚበላው አጣ፣ ሌላው ደግሞ የግል ሱቁን ከፍቶ ተቀመጠ። በዴስኩ ላይ ተቀምጦ በሩን ለሚያየው ልጅ አራቱም አንድ ናቸው። ለወላጅ ግን አንድ ሊሆኑ አይገባም፤ እያንዳንዱ የሚወስደው ወደተለያየ በር ነውና። ደመወዝ ያልተከፈለውን መምህር ሰነፍ ብሎ መስደብ በደል ከመሆኑም በላይ ጥያቄውን ሊመልስ ከሚችለው መሥሪያ ቤት ያርቀዋል። ሱቁን የሚጠብቀውን መምህር «ምን ያድርግ» ብሎ ማለፍም የልጁን ድርሻ አሳልፎ መስጠት ነው።

በጦር ሠራዊት ውስጥ በስም ጥሪ ያልተገኘ ሰው ሁሉ በአንድ መደብ አይጻፍም። በፈቃድ ላይ ያለ፣ በሕክምና ላይ ያለ፣ በግዳጅ የሄደ፣ ያለ ፈቃድ የቀረ ተብሎ በየፊናው ይመዘገባል። ይህ ካልሆነ አዛዡ ነገ ስንት ሰው ይዞ እንደሚወጣ አያውቅም። በብዙ ትምህርት ቤቶች ግን የሚመዘገበው የተገላቢጦሽ ነው። አንባቢያን የተማሩበትን ክፍል ያስታውሱ። መምህሩ ሲቀሩ የክፍሉ አለቃ ጠመኔ ይዞ ይነሣል፤ በጥቁር ሰሌዳው ጫፍ ላይ የረበሹትን ተማሪዎች ስም ይጽፋል። ደጋግሞ ለረበሸው ከስሙ ጎን መስመር ይጨምርበታል። ስማቸው የተጻፈው ልጆች በማግሥቱ ይቀጣሉ። የሁሉ ነገር መነሻ የሆነው የመምህሩ መቅረት ግን በሰሌዳውም፣ በመዝገቡም፣ በማንም ደብተር ላይ አይሰፍርም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በልጅነቱ የክፍል አለቃ ሆኖ የጻፋቸውን ስሞች ሲያስብ፣ ጠመኔው የት ላይ መዋል እንደነበረበት የገባው በጣም ዘግይቶ ነው።

መመዝገብ ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስኬድ ከሕንድ ሁለት ማስረጃዎች አሉ። በራጃስታን ግዛት በኡዳይፑር አካባቢ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት በሚያካሂዳቸው አንድ መምህር ብቻ ባላቸው ትንንሽ ትምህርት ቤቶች፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ለግማሾቹ ካሜራ ተሰጠ። ቀንና ሰዓቱ እንዳይነካ ታሽጓል። በትምህርት መጀመሪያና መጨረሻ አንድ ተማሪ መምህሩን ከልጆቹ ጋር ፎቶግራፍ ያነሣል። ደመወዙም የሚታሰበው መምህሩ በትክክል በዋለባቸው ቀናት ነው። በሌሎቹ ትምህርት ቤቶች ከ100 የሥራ ቀናት መምህሩ የማይገኝባቸው 42 ሲሆኑ፣ ካሜራ ባለባቸው ወደ 21 ወረዱ። የልጆቹም ውጤት ተሻሻለ።

ሁለተኛው ማስረጃ የሚመረው ነው። በዚያው አካባቢ በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩ ነርሶችን በተመሳሳይ መንገድ ለመቆጣጠር ተሞከረ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ነርሶቹ በሥራቸው ላይ በብዛት ተገኙ። ከ16 ወራት በኋላ ግን ለውጡ ሙሉ በሙሉ ጠፋ። መሣሪያው አልተበላሸም። የበላይ አስተዳደሩ «በልዩ ሥራ ላይ ናቸው»፣ «ተፈቅዶላቸዋል» እያለ ቀናቱን ከቁጥጥር ውጭ ማድረግ ስለጀመረ፣ መቅረቱ እንዳለ ሆኖ ስሙ ብቻ ተለወጠ። ስለሆነም የመምህር መቅረት ሲነሣ መጠየቅ ያለበት «ማን ቀረ» የሚለው ብቻ ሳይሆን «ማን ፈቀደ፣ ሲፈቅድስ ማንን ተካ» የሚለው ጭምር ነው። በእኛም አገር በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ለወላድ ሠራተኛ 120 ቀን ፈቃድ ሰጥቶ ነበር። ተገቢ መብት ነው። መምህርቷ እንደምትወልድ ግን ትምህርት ቤቱ ከወራት በፊት ያውቃል። እሷ ከሄደች በኋላ ክፍሉ ለሳምንታት ያለ ተተኪ ከቆየ፣ የቀረችው መምህርቷ ሳትሆን የቀረው የአስተዳደሩ ዝግጅት ነው።

ወላጅ ካሜራ የለውም። ከካሜራው የማያንስ ነገር ግን በልጁ ቦርሳ ውስጥ አለ። በየትምህርት ቤቶቻችን ተማሪ አዲስ ትምህርት ሲጽፍ በገጹ አናት ላይ ቀኑን እንዲያሰፍር ይለመዳል። የሒሳብ ትምህርት በሳምንት 5 ክፍለ ጊዜ ካለው በወር 20 ያህል ቀናት በደብተሩ ላይ መታየት አለባቸው። ከክፍለ ጊዜ ሠሌዳው ጋር አመሳክሮ ለመቁጠር አንድ ምሽት ይበቃል። ሆኖም ጥንቃቄ ያሻል። የጎደለው ቀን ልጁ ራሱ የቀረበት ሊሆን ይችላል፤ ወይም መምህሩ በቃል አስተምረው፣ መልመጃ በመጽሐፉ ላይ አሠርተው ይሆናል። ስለዚህ የአንድ ልጅ ደብተር አይበቃም። ከጎረቤት ወይም ከክፍል ጓደኛው ደብተር ጋር ሲመሳከር ክፍተቱ በሁለቱም ላይ በአንድ ቀን ከታየ ነገሩ እውነት ነው። በዚያ ቀን አጠገብ ምክንያቱን፣ ከታወቀ፣ መጻፍ ነው፦ ሕመም፣ ሐዘን፣ ስብሰባ፣ ሥልጠና፣ ያልታወቀ። «ያልታወቀ» የሚለው ሲበዛ ወደ ርእሰ መምህሩ መሄጃው ጊዜ ደርሷል።

ብዙ ወላጅ ከዚህ ላይ ይቆማል። «መምህሩ በልጄ ላይ ቂም ይይዝበታል» ብሎ ይፈራል። ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም፤ ማርክ የሚሰጠው ያው መምህር ነውና። መፍትሔው ብቻን አለመሄድ ነው። ሦስት ወይም አራት ወላጆች በወላጅ መምህር ኅብረት በኩል ሲቀርቡ ጥያቄው የክፍሉ እንጂ የአንድ ልጅ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው አዋጅ ቁጥር 103 ትምህርት ቤቶችን ሕዝብ በኮሚቴ እንዲያስተዳድራቸውና እንዲቆጣጠራቸው ካደረገ ወዲህ አደረጃጀቱ ስሙ ብዙ ጊዜ ቢለዋወጥም፣ ወላጅ በትምህርት ቤት ጉዳይ ድምፅ አለው የሚለው ሐሳብ ጨርሶ አልቀረም። የጎደለው ብዙ ጊዜ መድረኩ ሳይሆን ይዞት የሚቀርበው ቁጥር ነው። ኮሚቴው ሲሰበሰብ ስለ አጥርና ስለ መዋጮ ይነጋገራል፤ ስለ ክፍለ ጊዜ ለመነጋገር የሚያስችል ወረቀት ያመጣ ሰው አይኖርም።

ጥያቄው ሲቀርብም «መምህሩ ሰነፍ ናቸው» ከሚል ክስ መጀመር አይገባም። ርእሰ መምህሩ ባልደረባቸውን ለመከላከል ይገደዳሉ፤ ውይይቱም ወደ ጠብ ይለወጣል። ይልቁንስ «በዚህ ወር ከ20ው ክፍለ ጊዜ 9ኙ አልተሰጠም፤ ማካካሻው መቼ ነው? መምህሩ ሲቀሩ ክፍሉን ማን ይይዛል?» ብሎ መጠየቅ መልስ ያስገኛል። ማካካሻ ትምህርት በየትምህርት ቤቱ የታወቀ አሠራር ነው። ወላጅ ካልጠየቀ ግን ተማሪ ቅዳሜ ጧት ይምጣ ብሎ የሚለጥፍ ብዙ አይደለም።

በዚህ ረገድ ለሠራዊቱ አባላት በተለይ ልንለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከግዳጅ ለጥቂት ቀናት ፈቃድ የመጣ አባት የልጁን ነገር ሰምቶ በንዴት፣ የደንብ ልብሱን እንደለበሰ፣ አንዳንዴም እንደታጠቀ ወደ መምህራን ክፍል የሚገባበት ጊዜ አለ። ይህ መደረግ የለበትም። መምህሩ በዚያ ሳምንት ይገባ ይሆናል። ሆኖም አባትየው ወደ ግዳጁ ሲመለስ ልጁ የዚያ ቀን ዕዳ ከፋይ ሆኖ ይቀራል፤ በጋራ ሊጠይቁ ያሰቡት ሌሎቹ ወላጆችም ከነገሩ ይሸሻሉ። በከተማው ውስጥ በወታደርና በነዋሪ መካከል መተማመን እንዲኖር የሚሻ ሁሉ፣ የትምህርት ቤት በር መሣሪያና ማዕረግ ውጭ የሚቀሩበት በር መሆኑን ሊያውቅ ይገባዋል። አባትየው ሲቪል ለብሶ፣ ከጎረቤቱ ነጋዴና ከቢሮ ሠራተኛዋ ወላጅ ጋር በአንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ቢጠይቅ የበለጠ ይሰማል። የጦር ሰፈር ቤተሰብ በዝውውር የሚኖር በመሆኑ ለከተማው እንግዳ ነው። እናትየዋ ብቻዋን ስትቀር ማንን እንደምትጠይቅ አታውቅም። አባት በፈቃዱ ቀናት ሊያደርግላት የሚችለው ትልቁ ነገር ሁለት የክፍሉን ወላጆች ማስተዋወቅ ነው።

መልሱ እስኪመጣ ልጁ ባዶ ሰዓት ይዞ መቀመጥ የለበትም። በተለይ የ1ኛና የ2ኛ ክፍል ልጅ ጉዳይ አጣዳፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ3 የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 1 ያህሉ ከቀረበለት ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም ነበር። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናም ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ሁሉ በመምህራን መቅረት ላይ መለጠፍ ፍትሕ አይሆንም፤ የመጽሐፍ እጥረትም፣ የክፍል መጨናነቅም፣ የጦርነትና የወረርሽኝ ዓመታትም ድርሻ አላቸው። ይሁንና ፊደል ሳይለይ ያለፈ ልጅ በኋላ የሚመጣውን ሁሉ በምን ዓይን ሊያነበው ይችላል?

በየቄስ ትምህርት ቤቱ የኔታ ወደ ቅዳሴ ወይም ወደ ለቅሶ ሲሄዱ ትምህርቱ አይቋረጥም ነበር። ዳዊት የደገመው ልጅ ፊደል የሚቆጥሩትን ይዞ ይቀጥላል። ይህ አሠራር በየቤታችን ሊደረግ ይችላል። ታላቅ እኅት ታናሿን፣ የ6ኛ ክፍሉ የጎረቤት ልጅ የ2ኛ ክፍሉን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ድምፅ አሰምተው ቢያነቡ የማንም ፈቃድ አያሻም። በ1990ዎቹ መጨረሻ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ሲተከል በስክሪን የሚመጣው መምህር አይቀርም ተብሎ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ግን እሱም ይቀር እንደነበር እናስታውሳለን።

ወላጅ ሊሸሸው የሚገባ አንድ መንገድ አለ። ጧት ከክፍል የቀረው መምህር ማታ በቤቱ በክፍያ የሚያስጠና ከሆነ፣ ልጁን ወደዚያ መላክ መቅረቱን በገንዘብ መግዛት ነው። ለመምህሩ ባዶ የሆነው ክፍል ትርፍ የሚያመጣ ሆኖ ከተገኘ ለምን ይሞላዋል? የማይችለው ወላጅ ልጅም ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ከቻሉ ለሌላ ሰው መክፈል፣ ካልቻሉም በየተራ ማስጠናት ይሻላል።

በአንድ የጠረፍ ምድብ ውስጥ ያለ አንድ የምናውቀው ሃምሳ አለቃ እሑድ ማታ ኔትወርክ ሲገኝ ወደ ቤቱ ይደውላል። ጤና ከተጠያየቁ በኋላ የ4ኛ ክፍል ልጁ የሒሳብ ደብተሩን ከፍቶ የሳምንቱን ቀናት ያነብለታል። አባት በጦሩ ማስታወሻ ደብተር ጀርባ ላይ ይጽፋል። ኅዳር ውስጥ 8 ቀን ጎድሎ ነበር። እናትየዋ ከሦስት ጎረቤቶቿ ጋር ቁጥሩን ይዛ ሄደች፤ መምህሩ በወረዳው ትእዛዝ ሥልጠና ላይ ኖረዋል፣ ርእሰ መምህሩ ግን ተተኪ መመደቡን ዘንግተውት ነበር። ከታኅሣሥ ጀምሮ ቅዳሜ ጧት ማካካሻ ተሰጠ። የአማርኛው ክፍለ ጊዜ ግን አሁንም በሳምንት ሁለቱ ባዶ ነው፤ ምክንያቱም በሃምሳ አለቃው ደብተር ላይ ገና «ያልታወቀ» ተብሎ ተጽፏል።